በጠረጴዛው ላይ የተኙት ሴቶች፦ የማኅፀን ሕክምና ከኬንታኪ እስከ አዲስ አበባ



በስደት አገር ወደ ማኅፀን ሐኪም ዘንድ የሄደች እህታችን ሁሉ ያንን ጠረጴዛ ታውቀዋለች። እግር የሚሰቀልበት ብረት ያለው፣ ነጭ ወረቀት የተነጠፈበት፣ ከጎኑ የሚያብለጨልጭ መሣሪያ የተደረደረበት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ ማንሣት በእኛ ዘንድ ነውር ሆኖ ስለኖረ፣ ብዙዎቹ እናቶችና እህቶች ምርመራው ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ ይተኙበታል። ሌሎቹ ደግሞ «ምን ሆኜ ነው የምሄደው?» እያሉ ዓመት በዓመት ላይ ይደርባሉ። ወንዶቻችንም ቢሆኑ ሚስቶቻቸው ምን ተደርጎላቸው እንደተመለሱ ቢጠየቁ መልስ የላቸውም።

ይህ ጽሑፍ የሕክምና ምክር አይደለም፤ ለዚያ ሐኪም አለ። የምናቀርበው ታሪኩን ነው። ታሪኩን የጻፉት በአብዛኛው ሐኪሞቹ ስለሆኑ የሐኪሞቹ ስም በመሣሪያው ሁሉ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። የተኙት ሴቶች ስም ግን ተፈልጎ ነው የሚገኘው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

በ1809 ዓ.ም. ጄን ቶድ ክሮፎርድ የምትባል የኬንታኪ ገበሬ ሚስት ሆዷ እየገፋ ሄደ። ያዩዋት ሐኪሞች እርጉዝ ናት፣ የመውለጃዋም ጊዜ ደርሷል ብለው ነበር። በኋላ ከዳንቪል ከተማ የተጠራው ኤፍሬም ማክዳወል ግን ሲመረምራት ነገሩ እርግዝና ሳይሆን ሐኪሞች ኦቫሪ ከሚሉት እንቁላል ከሚፈራበት ዕጢ የተነሣ እባጭ መሆኑን ደረሰበት። በዚያን ጊዜ የሰው ሆድ ከፍቶ ማከም ከመግደል ተለይቶ አይታይም ነበር። ማክዳወል ይህንኑ አልደበቃትም። ማንም ሞክሮት እንደማያውቅ፣ ሙከራ መሆኑን፣ ልትሞት እንደምትችል ነግሮ ከፈቀደች ወደ ቤቱ እንድትመጣ ነገራት። እሷም ያንን ሆድ በኮርቻው ላይ አሳርፋ 60 ማይል ያህል መንገድ በፈረስ ሄደች።

ኦፕራሲዮኑ የተደረገው በገና ዕለት እንደሆነ ይተረካል። ማደንዘዣ የሚባል ነገር ገና አልተገኘም፤ እሷ መዝሙረ ዳዊት እየደገመች እሱ በ25 ደቂቃ ውስጥ ሥራውን ጨረሰ። የወጣው ዕጢ 22 ፓውንድ ተኩል፣ ማለትም 10 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ ሊጠይቃት ሲገባ አልጋዋን ስታነጥፍ አገኛት። ከ25 ቀን በኋላ በፈረሷ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ከዚያም በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ኖራለች። የሆድ ቀዶ ጥገና አባት እየተባለ ሐውልት የቆመለት ማክዳወል ነው። ለእኛ የበለጠ የሚደንቀን ግን የሴቲቱ ድፍረት ነው። ደግሞም አንድ ነገር ልብ ይባል፦ ተነግሯት፣ አውቃ፣ ፈቅዳ ነው የተኛችው።

የሞንትጎመሪ ሦስት ሴቶች

ቀጥሎ ያለው ታሪክ እንዲህ አይደለም። ጄምስ ማሪዮን ሲምስ በአላባማ ክፍለ ሀገር በሞንትጎመሪ ከተማ የሚሠራ ሐኪም ነበር። በ1845 ዓ.ም. አናርካ የምትባል አንዲት የ17 ዓመት ገደማ ባሪያ ለሦስት ቀን አምጣ ሳትወልድ ስለቀረች ተጠራ። ሕፃኑ ተጎትቶ ወጣ፤ እሷ ግን ፌስቱላ ሆነባት።

ፌስቱላ ለእኛ አዲስ ቃል አይደለም። ምጡ ሲረዝም የሕፃኑ ራስ ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ የሚይዘው ሥጋ ደም እያጣ ይሞታል። ከጥቂት ቀን በኋላ ያ የሞተ ሥጋ ሲወድቅ በሽንት ፊኛውና በብልት መካከል፣ አንዳንዴም ከዓይነ ምድር መውጫው ጋር ቀዳዳ ይከፈታል። ከዚያ ወዲያ ሽንቱ ሌሊትና ቀን ያለ ፈቃድ ይፈሳል። በአገራችን ገጠር ስንቷ ልጅ ከዚህ የተነሣ ባሏ ወደ እናት አባቷ እንደመለሳት፣ ስንቷስ ከቤት ጓሮ ለብቻዋ ጎጆ ተቀልሶላት እንደኖረች የማያውቅ የለም።

ሲምስ በመጀመሪያ የማይድን በሽታ ነው ብሎ ትቶት ነበር። በኋላ ግን አንድ ሐሳብ መጣለት። ማንኪያ አጥፎ ሴቲቱን በጉልበቷና በእጇ አስደግፎ ሲያይ፣ በእሱ አባባል ከእሱ በፊት ማንም ያላየውን ነገር አየ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ስፔኩለም የዚያ የታጠፈ ማንኪያ ልጅ ነው። ይሁንና ማኅፀንን ገልጦ የሚያሳይ መሣሪያ የሲምስ ፈጠራ ነው ማለት ስህተት ይሆናል። በ79 ዓ.ም. በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው የጣሊያን ከተማ በፖምፔ ከነሐስ የተሠራ፣ በጥርስ የሚዞር ስፔኩለም ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ቅርጹን ያየ ሰው ከዛሬው ብዙም እንደማይለይ ይመሰክራል።

ሲምስ በግቢው ውስጥ ትንሽ የሕሙማን ቤት ሠርቶ ፌስቱላ ያለባቸውን ባሮች ከጌቶቻቸው እየተቀበለ ሰበሰበ። ፈቃዱን የሰጡት ጌቶቹ ናቸው። እሱ ራሱ ሴቶቹም ፈቅደው ነበር ብሎ ጽፏል፤ ነገር ግን እምቢ የማለት መብት የሌለው ሰው እሺ ማለቱ ምን ያህል እሺታ ነው? ከሴቶቹ መካከል ስማቸውን የጻፈልን የሦስቱን ብቻ ነው፤ አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ። መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ የወጣችው ሉሲ ነበረች። አሥራ ሁለት ያህል ሐኪሞች ቆመው እያዩ አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ያለ ማደንዘዣ ተቀደደች፤ ሽንቱን እንዲመጥ በተተወው ስፖንጅ ምክንያት ቁስሉ አመርቅዞ ለሞት ደርሳ ነበር፤ ለመዳንም ወራት ፈጀባት። በአናርካ ላይ 30 ጊዜ ያህል ኦፕራሲዮን ተደርጎባታል። ኤተር የተባለው ማደንዘዣ በ1846 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ በአደባባይ ታይቶ ዜናው ከተሰራጨ በኋላ እንኳ በሞንትጎመሪው ቤት አልተሠራበትም።

ሲምስ ደጋግሞ ሲወድቅ ሊረዱት ይመጡ የነበሩት ሐኪሞች አንድ በአንድ ቀሩ። ያን ጊዜ ሴቶቹ ራሳቸው ረዳት ሆኑ። አንዷ ስትተኛ ሌሎቹ ይይዟታል፤ መሣሪያ ያቀብላሉ፤ ቁስል ያጥባሉ። በ1849 ዓ.ም. በሐር ክር ፋንታ በቀጭን የብር ሽቦ ሲሰፋ የአናርካ ቁስል ገጠመ። ለነገሩ የቨርጂኒያው ሐኪም ጆን ፒተር ሜታወር ከ10 ዓመት በፊት በእርሳስ ሽቦ አንድ ፌስቱላ ዘግቶ ነበር፤ ስሙ የገነነው ግን ሲምስ ነው። በ1852 ዓ.ም. ሥራውን በጽሑፍ አወጣ፤ ከዚያም ወደ ኒውዮርክ ሄዶ በ1855 ዓ.ም. የሴቶች ሆስፒታል ከፈተ። ሦስቱ ሴቶች ግን በጽሑፉ ውስጥ በረዳትነት እንኳ ምስጋና አላገኙም።

ለሲምስ የቆመው ሐውልት ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ዳር ነበረ። ከብዙ ክርክር በኋላ በኤፕሪል 2018 ዓ.ም. ከቦታው ተነሣ። በ2021 ዓ.ም. ደግሞ በሞንትጎመሪ ከተማ ለአናርካ፣ ለቤትሲና ለሉሲ ከወዳደቀ ብረት የተሠራ ትልቅ ሐውልት ቆሞላቸዋል። በዚያ በኩል የምታልፉ ወገኖች ጎራ ብላችሁ ብታዩት አይቆጫችሁም።

ከኒውዮርክ የጠፋው በሽታ በአዲስ አበባ

የሲምስ ሆስፒታል በኋላ ኒውዮርክ ውስጥ ተዛውሮ የሠራበት ቦታ ዛሬ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል የቆመበት ነው። በአሜሪካ አዋላጅና ሆስፒታል ሲበዛ፣ ለአስቸጋሪ ምጥም ቀዶ ጥገና ሲደርስ ፌስቱላ ጠፋ። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚማሩ ሐኪሞችም በሽታውን ሳያዩ መመረቅ ጀመሩ። በሽታው ግን ከዓለም አልጠፋም፤ ጠፍቶ የነበረው ሐኪም ካለበት ቦታ ብቻ ነው።

በ1959 ዓ.ም. አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና የኒውዚላንድ ተወላጅ የሆኑት ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ከትንሽ ልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ። የመጡት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም በሦስት ዓመት ውል ነበር። የሆስፒታሉን ስም ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን በእንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረው የተመለሱ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ነበሩ። በ1942 ዓ.ም. በነቀምት በወሊድ ምክንያት ሲያርፉ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበሩ። የንጉሥ ልጅና ነርስ መሆን እንኳ ከምጥ አላዳነም ማለት ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው የወላድ ሰላምታችን ከየት እንደመጣ ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ሐምሊኖች ፌስቱላ ከዚያ በፊት አይተው አያውቁም ነበር። የታተሙ ጽሑፎችን ማገላበጥ ግድ ሆነባቸው። ብዙ የረዳቸው የካይሮው ሐኪም ናጊብ ማህፉዝ ሥራ ነው። ይህ ሰው በፌስቱላ ቀዶ ጥገና የታወቀ የግብፅ የማኅፀን ሐኪም ነበር። በ1988 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ደራሲ ናጊብ ማህፉዝ በስሙ የተጠራው በወሊድ ጊዜ እናቱን ስለረዳ ነው። የሦስት ዓመቱ ውል እንዲህ እንዲህ እያለ ዕድሜ ልክ ሆነ። በ1974 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ዶክተር ሬጂናልድ በ1993 ዓ.ም. አረፉ፤ ዶክተር ካትሪን ደግሞ በማርች 2020 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው በአዲስ አበባ አረፉ። ሆስፒታሉ በነፃ ያከማቸው ሴቶች ከ60 ሺህ በላይ ናቸው። በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተከፍተዋል፤ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮም የአዋላጆች ኮሌጅ አለ። ፌስቱላ የሚታከመው በመርፌና በክር ቢሆንም የሚከለከለው ግን በአዋላጅ ስለሆነ፣ ከሁሉም ሥራቸው ኮሌጁ ይበልጣል ብንል የሚከራከረን ያለ አይመስለንም።

ከዚህ ሆስፒታል ታሪክ ውስጥ ግን የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ያህል የሚያስደንቅ የለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገና በልጅነታቸው ተድረው፣ ቀናት አምጠው፣ ሕፃኑ ሞቶ፣ እሳቸውም ፌስቱላ ሆኖባቸው ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጡ። ከታከሙ በኋላ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። አልጋ ያነጥፉ ጀመር፤ የፈሩትን ልጆች እጅ ይዘው ያባብሉ ነበር፤ ከዚያም ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብተው መሣሪያ ማቀበል ያዙ። ዶክተር ሬጂናልድ ማየት ብቻ ሳይሆን መቁረጥና መስፋት አስተማሯቸው። ፊደል ያልቆጠሩት ሴት የተመረቁ ሐኪሞች መጥተው የሚማሩባቸው የፌስቱላ ቀዶ ጥገና ባለሙያ ሆኑ፤ በ1989 ዓ.ም. ከለንደን የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተሰጣቸው። አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲም ከጠረጴዛው ወርደው ረዳት ሆነው ነበር። እነሱን ግን ቢላዋውን ያስጨበጣቸው የለም።

በምግብ ቤት ቫዮሊን የተጫወተው ስደተኛ

አሁን ወደ ጤነኛዋ ሴት ምርመራ እንምጣ። ይህ ጋዜጣ በየምግብ ቤቱ ጠረጴዛ የሚገኝ ነውና የሚከተለው ሰው ታሪክ ለአንባብያን ሳይቀርብ አይቀርም።

ጆርጅ ፓፓኒኮላዎ በ1883 ዓ.ም. ከግሪክ ደሴቶች በአንዷ የተወለደ ሐኪም ነበር። በ1913 ዓ.ም. ከሚስቱ ከአንድሮማኪ ጋር ኒውዮርክ ሲደርስ እንግሊዝኛ አያውቅም። የያዙት ገንዘብ 250 ዶላር ያህል ነበር። ሐኪሙ በአንድ ትልቅ መደብር ምንጣፍ ሻጭ ሆነ፤ ሚስቱ በዚያው መደብር ቁልፍ ትሰፋለች። ማታ ማታ በምግብ ቤት ቫዮሊን ተጫውቷል፤ በስደተኛ ግሪኮች ጋዜጣም በጸሐፊነት ሠርቷል። በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ ሐኪም ወይም በፓርኪንግ ቦታ የሚሠራ መሐንዲስ የምታውቁ ሁሉ ይህ ሰው እንግዳ አይሆንባችሁም።

ብዙ ሳይቆይ በኮርኔል የሕክምና ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ገባ። መጀመሪያ የሚያጠናው ጊኒ ፒግ የምትባለዋን ትንሽ እንስሳ ነበር፤ ከብልቷ በሚወሰድ ፈሳሽ ውስጥ ያሉትን ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ በማየት ብቻ ዑደቷን ማወቅ ቻለ። ቀጥሎ በሰው ለመሞከር ሲነሣ ናሙና የሰጠችው ሚስቱ ናት። አንድሮማኪ፣ አሜሪካኖች ሜሪ የሚሏት፣ ለብዙ ዓመታት በየቀኑ ናሙና ሰጥታለች፤ ቀን ቀን ደግሞ ያለ ደመወዝ በላቦራቶሪው ትረዳው ነበር። ከሌሎች ሴቶች በወሰደው ናሙና ውስጥም የካንሰር ሕዋሳትን በዓይኑ አየ።

በ1928 ዓ.ም. ይህን ግኝቱን በሚሺጋን ለተሰበሰቡ ባለሙያዎች ሲያቀርብ ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም። ከእሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኦሬል ባቤሽ የሚባል ሩማኒያዊ ሐኪም ተመሳሳይ ሐሳብ በቡካሬስት አቅርቦ ነበር። እሱንም ያዳመጠው ጥቂት ሰው ነው። ፓፓኒኮላዎ በ1941 ዓ.ም. ከኸርበርት ትራውት ጋር ሆኖ ጽሑፍ፣ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ መጽሐፍ ካወጣ በኋላ ነው ዓለም የነቃው። «ፓፕ» የሚባለው ምርመራ ስሙን ያገኘው ከዚህ ስደተኛ ነው። ከማኅፀን በር ላይ በትንሽ ብሩሽ የሚወሰድ ናሙና ነው፤ ደቂቃም አይፈጅ። ካንሰሩ ካንሰር ከመሆኑ ከብዙ ዓመት በፊት የሕዋሱን መበላሸት ስለሚያሳይ፣ ምርመራው ከተለመደ ወዲህ በአሜሪካ በዚህ በሽታ የሚሞቱት ሴቶች ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሷል። በአገራችን ግን የማኅፀን በር ካንሰር እስከ ዛሬ ድረስ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን የሚያጠቃ ሁለተኛው ካንሰር ነው።

የፓፕ ውጤት ሲበላሽ የሚታዘዘው ኮልፖስኮፒ፣ የማኅፀን በርን አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር ማየት ነው። መሣሪያውን በ1925 ዓ.ም. የሠራው ጀርመናዊው ሐንስ ሂንዘልማን ነው። የዚህ ሰው ታሪክም ከጥቁር ነጥብ አይጸዳም፤ በናዚ ዘመን የሮማ ሕዝብ ሴቶችን በግዳጅ በማምከን ወንጀል ከጦርነቱ በኋላ ተፈርዶበት ታስሯል። ይሁንና ከእሱ የተወረሰ አንድ ቀላል ዘዴ በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ሳይቀር ይሠራበታል። ዘዴው አቼቶ ነው፤ አዎን፣ ለሰላጣ የምናደርገው አቼቶ። አቼቶን አቼቶ የሚያደርገው አሲድ በውኃ ቀጥኖ በማኅፀን በር ላይ ሲቀባ የተበላሸው ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ነርሷም እዚያው በቀዝቃዛ ጋዝ አክማ ትልካታለች። ላቦራቶሪ በሌለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የካንሰሩ መነሻ ቫይረስ መሆኑን ያረጋገጠው ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውሰን ሲሆን በ2008 ዓ.ም. ኖቤል ተሸልሞበታል። ከቫይረሱ ዓይነቶች አንዱ፣ ቁጥር 18 የሚባለው፣ ሄላ በሚባሉት የላቦራቶሪ ሕዋሳት ውስጥ ተገኘ። እነዚህ ሕዋሳት በ1951 ዓ.ም. በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በማኅፀን በር ካንሰር ታማ ከተኛች ሄንሪታ ላክስ ከምትባል የ31 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት ሳትጠየቅ የተወሰዱ ናቸው። እሷ በዚያው ዓመት ሞተች፤ ሕዋሳቷ ግን እስከ ዛሬ በዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ ይራባሉ። ቤተሰቦቿ ነገሩን የሰሙት ከ20 ዓመት በላይ ቆይተው ነው። ሕዋሳቱን እየሸጠ ካተረፈ አንድ ኩባንያ ጋር በስምምነት ክርክሩን የጨረሱት በ2023 ዓ.ም. ነበር። በቫይረሱ ላይ የተሠራው ክትባት በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ኢትዮጵያም በዲሴምበር 2018 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች።

ለመሄድ የምትፈራ እህት ካለች ሁለት ነገር ትወቅ። በልጅነቷ የተገረዘች ከሆነ ይህንኑ አስቀድማ ለሐኪሟ ብትነግር ትንሹ ስፔኩለም ይመረጥላታል። እንዲሁም በአሜሪካ ከ2024 ዓ.ም. ወዲህ ለቫይረሱ ምርመራ ናሙናውን በጤና ተቋም ውስጥ ሴቲቱ ራሷ እንድትወስድ ተፈቅዷል።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ እንለፍ። አልትራሳውንድን ለማኅፀን ሕክምና ያዋለው የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድ ነው። በ1955 ዓ.ም. ከሕሙማን የወጡ ዕጢዎችን በመኪና ጭኖ ወደ አንድ የቦይለር ፋብሪካ ሄደ፤ በዚያም የብረት ስንጥቅ በሚፈለግበት ድምፅ ዕጢውን ለየው። በ1958 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ላይ ከተጠቀሱት መካከል የማይድን የሆድ ካንሰር አለባት ተብላ ተስፋ የተቆረጠባት ሴት ነበረች፤ በመሣሪያው ሲታይ ግን ውኃ የቋጠረ የኦቫሪ እባጭ ሆኖ ተገኘ፣ ወጣላትና ዳነች። በእምብርት በኩል ቀጭን መነጽር አስገብቶ ሆድን ማየት ደግሞ በሰው ላይ በ1910 ዓ.ም. በስቶክሆልም ተጀመረ። በዚህ መንገድ ቀዶ ጥገና ሊሠራ የተነሣውን ጀርመናዊ ኩርት ዜም፣ ባልደረቦቹ አእምሮው ይመርመር እስከ ማለት ደርሰው ነበር ይባላል። ዛሬ ብዙ ሴት ጠዋት ገብታ ማታ የምትወጣበት ሕክምና ሆኗል።

ማኅፀንን በሆድ በኩል ማውጣት የተሳካው ደግሞ በ1853 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ሎዌል ከተማ በአጋጣሚ ነው። ዶክተር በርናም የኦቫሪ እባጭ ነው ብሎ ሆድ ሲከፍት በሽተኛዋ ታስመልሳለች፤ ዕጢ የሞላበት ማኅፀን ከውስጥ ገፍቶ ወጣ፤ መመለስ ስላልቻለ ቆርጦ አወጣው፣ ሴቲቱም ተረፈች። ያ ዕጢ የእኛ ሰዎች ማዮማ የሚሉት ነው። በጥቁር ሴቶች ላይ ይበዛል፤ ለረጅም ጊዜም መድኃኒቱ ማኅፀኑን ማውጣት ብቻ ነው ሲባል ኖሯል። አሁን ዕጢውን ብቻ ለይቶ ማውጣት አለ፤ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህም ወደ ዕጢው የሚሄደውን ደም በመዝጋት ማክሰም ይቻላል። ስለዚህ «ሌላ መንገድ የለም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም።

ፊርማው

በ1973 ዓ.ም.፣ በዚያችው በሞንትጎመሪ ከተማ፣ የሬልፍ ቤተሰብ ሁለት ልጃገረዶች በመንግሥት ገንዘብ በሚተዳደር ክሊኒክ አማካይነት ዳግመኛ እንዳይወልዱ ተደርገው ተቋጠሩ። አንዷ 14፣ አንዷ 12 ዓመቷ ነበር። እናታቸው ማንበብ አትችልም። የወሊድ መከላከያ መርፌ የሚወጉ መስሏት በወረቀቱ ላይ የ«ኤክስ» ምልክት አደረገች። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኛው በየዓመቱ ከ100 ሺህ እስከ 150 ሺህ የሚሆኑ ድሆች በፌዴራል ገንዘብ እንደሚመክኑ በውሳኔያቸው ጻፉ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ በሎስ አንጀለስ አሥር የሜክሲኮ ተወላጆች፣ በምጥ ላይ እያለን በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት አስፈርመው አመከኑን ብለው ከሰሱ። በ1978 ዓ.ም. ተፈረደባቸው። ቢሆንም ጩኸታቸው ከንቱ አልቀረም።

ወደ ራሳችን ሰዎች ስንመጣ፣ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ በእስራኤል ቴሌቪዥን አንዳንድ ቤተ እስራኤል ሴቶች ምንነቱ በሚገባ ሳይገለጽልን ዴፖ ፕሮቬራ የተባለውን የወሊድ መከላከያ መርፌ ተወጋን ብለው ተናገሩ። ወዲያው በጃንዋሪ 2013 ዓ.ም. የጤና ጥበቃው ሚኒስቴር ምንነቱን መረዳቷ ለሚያጠራጥር ሴት መርፌው እንዳይታደስ መመሪያ አወጣ። በኋላ የመንግሥት ተቆጣጣሪው ባደረገው ምርመራ ሴቶቹ ተገደው ለመወጋታቸው ማስረጃ አላገኘም። በግድ መወጋትና ሳይገባ መወጋት ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያለው በአስተርጓሚው ወንበር ላይ ነው።

በአሜሪካ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ደንብ የተወለደው ከእነዚህ ክሶች ነው። በሜዲኬይድ ገንዘብ ለሚደረግ የማምከን ኦፕራሲዮን ፈራሚዋ ቢያንስ 21 ዓመት የሞላት መሆን አለባት፤ በፊርማውና በኦፕራሲዮኑ መካከል 30 ቀን ማለፍ አለበት፤ በምጥ ላይ ያለች ሴት አትፈርምም፤ ቋንቋውን ካላወቀች አስተርጓሚ ይቀርብላታል፣ አስተርጓሚውም በቅጹ ላይ ይፈርማል። ከሌላው ሕክምናም ቢሆን የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለወላጁ እንዲያስተረጉም ማድረግን ከልክሏል። እናቱን ይዞ የሄደ የ11 ዓመት ልጅ ስለ ማኅፀኗ ሲጠየቅ ዓይኑን መሬት ላይ ሲተክል ያየ ሁሉ፣ ያ ደንብ ለምን እንደወጣ አይጠፋውም። አማርኛ አስተርጓሚ በቦታው ባይኖር እንኳ በስልክ ይቀርባል፤ ቀጠሮ ሲያዝ አስቀድሞ መጠየቅ ብቻ ነው።